ወንድሜን ጥናት ውስጥ ግባ አሉት፣ ይግባ ወይስ ይቅርበት?

የአንባቢያን የጤና ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ ወር ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከከተማው ዳር ዳር ነው የመጡት፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከአራብሳ፣ ከአባዶ፣ ከጀሞ። ሁሉንም ማስተናገድ ስለማይቻል አራቱን መርጫለሁ፣ የመጀመሪያው ላይ ረዘም እላለሁ ምክንያቱም ብዙ ሰው እርስ በርሱ የሚያወራው ግን ሀኪሙን ፊት ለፊት የማይጠይቀው ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወንድሜ ግንበኛ ነው፣ ገና ወጣት ነው። ሲያስለው ከርሞ በስንት ልመና ጤና ጣቢያ ሄደ፣ አክታው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው ማሽን ሲታይ ኤምዲአር ነው ተባለ፣ መድኃኒት የተላመደው ቲቢ። ከዛ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ተጻፈለት፣ እዛ ሲሄድ ደሞ አንድ ጥናት አለ መሳተፍ ትፈልጋለህ ወይ ብለው ብዙ ገጽ ያለው ወረቀት ሰጡት። እናታችን ይሄን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፣ ልጄን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው ትላለች። ጎረቤትም ፈረንጆች ያልታወቀ መድኃኒት የሚሞክሩት ድሃ ላይ ነው እያለ ያስፈራራናል። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው፣ አልፈረመም። ምን እናድርግ? (ከቱሉ ዲምቱ)

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርላችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ፣ ህክምናውና ጥናቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወንድምሽ ጥናቱ ውስጥ ገባም አልገባም የቲቢ ህክምናውን በመንግስት ተቋም በነፃ ያገኛል። ካልፈረምክ አትታከምም ያለው ሰው ካለ ያ ሰው ህግ እየጣሰ ነው፣ ለሆስፒታሉ ኃላፊ ንገሩት። ስለዚህ ለመፈረም አትቸኩሉ፣ ለህክምናው ግን ተቻኮሉ፣ አንድም ቀን አታሳድሩት። በዛ ላይ አብራችሁ አንድ ቤት የምትኖሩት ሁሉ ሄዳችሁ ተመርመሩ፣ ኮንዶሚኒየምም ሆነ የጭቃ ቤት መስኮቱን ከፍታችሁ ዋሉ፣ እሱም መድኃኒቱ እስኪሰራ ድረስ ማስክ ያድርግ።

አሁን ወደ እናትሽ ጭንቀት ልምጣ። ፍርሃታቸው ከባዶ የመጣ አይደለም፣ በዓለም ላይ በምርምር ስም ግፍ ተሰርቷል። አሜሪካ ውስጥ አላባማ ላይ ቱስኬጊ በሚባል ቦታ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ ድረስ ቂጥኝ ያለባቸውን 399 ጥቁር ወንዶች በሽታው ምን እንደሚያደርጋቸው ለማየት ብቻ ሳያክሙ ሲከታተሏቸው ኖረዋል፣ ፔኒሲሊን እንደሚያድን ከታወቀ በኋላ እንኳን አልሰጧቸውም፣ ጥናት ላይ መሆናቸውንም በቅጡ አልነገሯቸውም። ዛሬ ወንድምሽ እጅ ላይ ያለው ያ ብዙ ገጽ ወረቀት እንዲኖር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። ወረቀቱ የሱ መከላከያ ነው ማለት ነው። ያኔ እነዛ ሰዎች እንዲህ ያለ ወረቀት ቢሰጣቸውና ቢነበብላቸው ኖሮ ማን እሺ ይል ነበር?

ሁለተኛው ነገር ደሞ የኛው ሀገር ታሪክ ነው፣ ይሄን ለእናትሽ ብታነቢላቸው ደስ ይለኛል። የኤምዲአር ህክምና ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ላይ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም ነው። ያኔ ህክምናው 20 ወርና ከዛ በላይ ይፈጅ ነበር፣ ከሱ ውስጥ ለወራት መርፌ መወጋት አለ፣ መርፌው ኩላሊት ይጎዳል፣ ጆሮም ያደነቁራል። ቲቢው ድኖላቸው ጆሯቸው የቀረ ሰዎች አውቃለሁ፣ ልጃቸው ሲጠራቸው የማይሰሙ። አንዷ ታካሚ ሀኪሙ ሲያናግራት የምትመልሰው ከንፈሩን አይታ ነበር፣ ቀጠሮዋን ደሞ ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ጻፍልኝ ትለው ነበር። ብዙ ሰውም መርፌው ሲመረው ህክምናውን መሀል ላይ አቋርጦ ይጠፋ ነበር፣ ቤተሰቡንም ያስይዛል።

ታዲያ ይሄ እንዴት ተለወጠ ካልሽ በጥናት ነው። ስትሪም የሚባል ጥናት ነበረ፣ ኢትዮጵያ፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ቬትናምና ሞንጎሊያ ላይ የተሰራ፣ እኛ ጋር ቅዱስ ጴጥሮስና አህሪ ነበሩ የተሳተፉት (አህሪ ማለት አለርት ግቢ ዘነበወርቅ ያለው አርማወር ሃንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው፣ በ1962 ዓ.ም ለስጋ ደዌ ምርምር የተቋቋመ)። ጥያቄያቸው ቀላል ነው፣ 20 ወር የሚፈጀውን ከ9 እስከ 11 ወር ብናደርገው ሰው ይድናል ወይ የሚል። 424 ታካሚ ገባ። ውጤቱ በ2019 እ.ኤ.አ ወጣ፣ ረጅሙን ከወሰዱት ከመቶ 80 ገደማ፣ አጭሩን ከወሰዱት ደሞ ከመቶ 79 ገደማ ጥሩ ውጤት አገኙ፣ ማለትም እኩል ነው በይው። ከዛ ሁለተኛው ምዕራፍ መጣ፣ እዛም ኢትዮጵያ ነበረች፣ አሁን ጥያቄው መርፌውን ጭራሽ አውጥተን ቤዳኩሊን በሚባል ክኒን ብንተካውስ የሚል ነው። በ2022 እ.ኤ.አ ውጤቱ ሲወጣ መርፌ ከነበረው ይልቅ ክኒን ብቻ የወሰዱት የተሻለ ሆነው ተገኙ፣ ከመቶ 83 ገደማ በ71 ማለት ነው። በዛው ዓመት መጨረሻ ላይ የዓለም ጤና ድርጅት፣ በሌሎች ሀገሮች በተሰሩ ጥናቶች ላይ ተመስርቶ፣ ለብዙዎቹ ታካሚዎች 6 ወር ብቻ የሚፈጅ ህክምና መከረ። ከ20 ወር ወደ 6 ወር!

ስለዚህ ወንድምሽ ዛሬ የድሮውን መርፌ ሳይወጋ ሊታከም የቻለው ሌላ የሰው ልጅ፣ ምናልባትም እዚሁ አዲስ አበባ ያለ፣ ልክ እሱ አሁን እንደያዘው ያለ ወረቀት ይዞ አስቦበት እሺ ስላለ ነው። ይሄን የምለው እንዲፈርም ለመገፋፋት አይደለም፣ ጎረቤታችሁ ጥናት ሁሉ ድሃ መበዝበዣ ነው ያለው ልክ እንዳልሆነ ለማሳየት ነው። እኔ በግሌ የማምነውን ከጠየቅሽኝ፣ የኛ ሰው በሌለበት የተሰራ ጥናት ለኛ ግማሽ መልስ ነው። የኛ ሰው የሚበላው ሌላ ነው፣ አብረውት የሚኖሩት በሽታዎች ሌላ ናቸው፣ ክኒኑን ለመውሰድ በየቀኑ የሚሳፈረው ሃይገር እንኳን ውጤቱን ይለውጠዋል። እኛ ካልገባንበት የሌላ ሀገር ልክ ተሰፍቶ ይመጣልናል።

ግን ደሞ እሺ ማለት ያለበት ገብቶት ነው። ምን ይጠይቅ? ጥናቱን የስነ ምግባር ኮሚቴ አይቶ ፈቅዷል ወይ፣ የመድኃኒት ሙከራ ከሆነ ደሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለስልጣን ፈቃድ አለው ወይ፣ እነዚህ ሁለቱ የሌሉት የመድኃኒት ሙከራ እዚህ ሀገር መሰራት የለበትም፣ ወረቀቱ ላይ የኮሚቴው ስልክ መኖር አለበት፣ ደውሉ፣ ስልኩ እኮ ለናንተ ነው የተጻፈው። ከዛ መድኃኒቱ አዲስ ነው ወይስ የሚታወቅ ነው ግን አወሳሰዱ ነው የሚጠናው? በእጣ ነው የሚመደበው ወይ፣ ከሆነስ እጣው ወደ ሌላኛው ወገን ቢወስደኝ ምን እወስዳለሁ? ጉዳት ቢደርስብኝ ማን ያክመኛል፣ ካሳስ አለው? አክታዬንና ደሜን የት ታስቀምጣላችሁ፣ ውጭ ሀገር ይላካል? ስራ ለሚያስፈታኝ ቀንና ለትራንስፖርት ምን ታደርጋላችሁ? መሀል ላይ ልውጣ ብልስ? የመጨረሻው መልስ አንድ ብቻ ነው፣ በፈለገ ሰዓት መውጣት ይችላል፣ ምክንያት መናገር አይጠበቅበትም፣ መደበኛ ህክምናውም አይቋረጥበትም።

አንድ ያየሁትን ልንገርሽ። ማንበብ የማይችሉ እናት ነበሩ፣ ነርሷ እያነበበች፣ ከጥናቱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው ምስክር አጠገባቸው ተቀምጦ። በእጣ የሚለው ጋ ሲደረስ እናትዬው ነጠላቸውን አስተካከሉና "ቆይ ልጄ፣ እጣው ካልወጣልኝ ባዶ እጄን ነው የምመለሰው?" አሉ። ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ከመጀመሪያው ጀመረችላቸው፣ እጣው መድኃኒት የማግኘትና ያለማግኘት እንዳልሆነ፣ ሁለቱም ወገን እንደሚታከም፣ ልዩነቱ የትኛውን መድኃኒት የሚለው ብቻ እንደሆነ። እሳቸውም ከልጄ ልማከር ብለው ወረቀቱን ይዘው ሄዱ፣ ማንም አልተቆጣቸውም፣ በሌላ ቀን ልጃቸውን ይዘው መጡና ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ። ትክክለኛው አሰራር ይሄ ነው። ወንድምሽም ወረቀቱን ቤት ማምጣቱ ጥሩ ነው፣ አሁን እናታችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ እሳቸው ራሳቸው ይጠይቁ። በደንብ ካላስረዷችሁ ወይም ከተጣደፉባችሁ አይፈርም፣ በቃ፣ መድኃኒቱን ይዞ ይሂድ።

ጥያቄ፦ ቦሌ አራብሳ ነው የምኖረው፣ ጉሊት ነው የምሸጠው። የጤና መድህን መዋጮ በየዓመቱ እከፍላለሁ፣ ከጎኔ ቀንሼ ነው የምከፍለው። ግፊት አለብኝ። ጤና ጣቢያ ስሄድ ካርድ ነፃ፣ ምርመራ ነፃ፣ መድኃኒት ጋ ስደርስ ግን የለም፣ ውጭ ግዢ። ታዲያ ምኑን ነው የከፈልኩት? ዘንድሮ ላድስ ወይስ ይቅር?

መልስ፦ እህቴ አድሺ። ንዴትሽ ግን ሙሉ በሙሉ ልክ ነው፣ የከፈልሽበት ነገር ሊሰጥሽ ይገባል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይሄ ማህበረሰብ አቀፍ የሚባለው መድህን በ2003 ዓ.ም በአራት ክልሎች 13 ወረዳዎች ላይ ለሙከራ ነው የተጀመረው፣ እንዳንቺ የወር ደመወዝ ለሌለው ሰው ተብሎ። ሰው በመታመሙ ብቻ በሬውን እንዳይሸጥ፣ እቁቡን እንዳይበላ። ሀሳቡ ከእድር የራቀ አይደለም፣ ዘንድሮ ያልታመመው ለታመመው ይከፍላል። ለዚህ ነው በነፍስ ወከፍ ሳይሆን በቤተሰብ የሚከፈለው፣ ጨርሶ መክፈል የማይችለው ደሞ በወረዳው ተለይቶ መንግስት ይከፍልለታል። ደመወዝተኛው ከሰራተኛ 3 ከመቶ ከአሰሪ 3 ከመቶ ይከፈልበታል የተባለለት የራሱ መድህን ነበረው፣ አዋጁ በ2002 ወጥቶ ለዓመታት ሲገፋ ሲገፋ የቆየ፣ እና የኔ ቅሬታ እዚህ ላይ ነው፣ ቋሚ ገቢ ያለው ሰው እንዲቆይ ተደርጎ ጉሊት የምትሸጥ ሴት ቀድማ እንድትከፍል ከተደረገ ቢያንስ እሷ መድኃኒቷን ማጣት አልነበረባትም።

መድኃኒቱ ለምን ጠፋ? አብዛኛው መድኃኒት በዶላር ከውጭ ነው የሚገባው፣ ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ዋጋው ምን እንደሆነ አንቺም ፋርማሲ ሄደሽ አይተሽዋል። ጤና ጣቢያው ደሞ መድኃኒት የሚያመጣው ባለው ብር ነው፣ መድህኑ ላከማቸው ሰዎች ዘግይቶ ሲከፍለው መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። እዚህ አጠገባችን ቂሊንጦ ላይ የመድኃኒት ፋብሪካዎች መንደር ተብሎ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተሰርቷል፣ የግፊትና የስኳር ክኒን የመሰለ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒት እዚሁ በብዛት ቢመረት ምን ያህል ሰው እንደሚያርፍ አስቢው።

እስከዛው ግን ይሄን አድርጊ። የለም ተብሎ ማዘዣው ሲመለስልሽ ዝም ብለሽ አትውጪ፣ ወደ ሀኪሙ ተመለሺ፣ የግፊት መድኃኒት አንድ አይነት ብቻ አይደለም፣ አምሎዲፒን ከጠፋ ኢናላፕሪል ሊኖር ይችላል፣ እሱ አይቶ ከተስማማሽ ይቀይርልሻል፣ አንቺ ግን በራስሽ አትቀይሪ፣ በተለይ እርጉዝ ከሆንሽ ወይም ለመውለድ ካሰብሽ ንገሪው፣ ለእርጉዝ የማይሆን አለ። ከዛ የመድህኑን ጉዳይ የያዘውን ሰው ፈልጊና ሁለት ነገር ጠይቂው፣ ከከነማ ፋርማሲ ወይም ከሌላ የመንግስት ተቋም ጋር ውል አላችሁ ወይ፣ ከሌለስ ከውጭ ገዝቼ ደረሰኝ ባመጣ ይመለስልኛል ወይ። መልሱ አዎ ከሆነ ማዘዣው ላይ የለም የሚል ማህተም ሳይመታ ከመስኮቱ ዞር አትበይ፣ ያ ማህተምና ደረሰኙ ነው ማስረጃሽ። ችግሩ ከቀጠለ ብቻሽን ሳይሆን ጉሊት አብረውሽ ከሚሸጡት ጋር ሆናችሁ ወረዳ ሂዱ፣ አንድ ሰው ሲያማርር ይሰማና ይታለፋል፣ አስር ሴት ማዘዣ ይዛ ስትቆም ግን ሌላ ነው።

ደሞ እባክሽ ክኒን ስታጪ አሞኝ ስለማያውቅ ይቅር አትበይ። ግፊት ሳያም ነው የሚጥለው፣ ስትሮክ ሲመጣ ነው የሚታወቀው፣ ያን ቀን ደሞ ያ ካርድ ከሁሉም በላይ ያስፈልግሻል፣ ለመተኛትም ለሪፈርም።

ጥያቄ፦ ልጄ 12 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጣቸው ነው ተባለ። በፊት ሁለት ጊዜ ነበር፣ አሁን አንድ ብቻ ሆኗል፣ ብር ስላጠረ ነው የቀነሱት የሚል ሰማሁ። ሌላው ደሞ መካን ያደርጋል ይላል። ልፍቀድ? (አባት፣ ከየካ አባዶ)

መልስ፦ ይፍቀዱ ጌታዬ፣ ሳይውሉ ሳያድሩ። መካን አያደርግም። ክትባቱ በዓለም ላይ ከ2006 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚሰጥ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ የተከተቡ ልጆች ዛሬ እናቶች ናቸው። እንደውም መውለድ የሚከለክለው በሽታው ነው፣ ማህፀን የሚያስወጣው፣ ብዙ እናቶችን የቀጠፈው።

ከሁለት ወደ አንድ የሆነው ደሞ ጥናት ስለተሰራ ነው። ኬንያ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው 2,275 ወጣት ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት አንድ መርፌ ብቻ ከወሰዱ በኋላ ለ18 ወር ሲከታተሏቸው ካንሰሩን በዋናነት ከሚያመጡት ሁለት የቫይረሱ አይነቶች ከ97 ከመቶ በላይ ጥበቃ እንደሰጠ አሳይቷል፣ ይሄም ከሌሎች ጥናቶች ጋር ታይቶ ነው የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ አንድ መርፌ ይበቃል ያለው። ኢትዮጵያ ክትባቱን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በሁለት ዙር ነበር፣ ህዳር 2017 ላይ ነው ከ9 እስከ 14 ላሉት በአንድ መርፌ ዘመቻ የተደረገው። አንድ መሆኑ ደሞ ለሌላ ልጅ ይተርፋል፣ በፊት ለአንድ ልጅ የሚውለው ለሁለት ሆነ ማለት ነው፣ ገጠር ላለችው ልጅ መድረሱ እኮ ትልቅ ነገር ነው። ባለቤትዎ ደሞ ከ30 እስከ 49 ከሆኑ የማህፀን በር ምርመራ ጤና ጣቢያ ሄደው ይጠይቁ፣ ኮምጣጤ መሰል ፈሳሽ ተቀብቶ በዓይን የሚታይ ነው፣ ውጤቱም እዛው ይነገራቸዋል።

ጥያቄ፦ ለብዙ ዓመት የኤችአይቪ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሰውነቴ ደህና ነው። አሜሪካኖቹ ገንዘቡን አቆሙ ከተባለ ወዲህ እናቶች ቡድን ውስጥ ትመክረን የነበረችው ልጅ ከስራ ወጣች። መድኃኒቱም ሊቆም ነው እየተባለ ነው፣ አንዳንዱ ይበቃኛል ብሎ ክኒኑን እየቆጠበ አንድ ቀን እየዘለለ መውሰድ ጀምሯል። እኔም ላድርግ? (ከጀሞ)

መልስ፦ እንዳታደርጊው! ይሄን በትልቁ ጽፈው ቢለጥፉልኝ ደስ ይለኛል። ክኒን መዝለል ማለት ቫይረሱን መድኃኒቱን እያስለመዱት ነው፣ ያኔ መድኃኒት ቢኖርም የማይሰራብሽ ይሆናል። ስትወስጂ የኖርሽውን በሰዓቱ ውሰጂ።

የልጅቷ ነገር እውነት ነው፣ ያሳዝናል። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግስት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በዛ ገንዘብ በኮንትራት ይሰሩ የነበሩ 5 ሺህ ገደማ የጤና ሰራተኞች ናቸው ውላቸው የተቋረጠው፣ ብዙዎቹ የሚሰሩት እንዳልሽው ምክር መስጠት፣ የጠፋ ታካሚ መፈለግ፣ መረጃ መያዝ ነው። መድኃኒቱ ራሱ ግን በአንድ ኪስ ብቻ የሚገዛ አይደለም፣ ግሎባል ፈንድ የሚባለው፣ ከብዙ ሀገሮች ገንዘብ የሚሰበስበው ድርጅትም ይገዛል። ህክምናው በዚህ ሀገር ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ ነው የሚሰጠው።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ የአፍሪካ መሪዎች አቡጃ ላይ ተሰብስበው ከበጀታችን 15 ከመቶውን ለጤና እናውላለን ብለው ቃል ገብተው ነበር፣ እኛ ሀገር ያ ቃል አልተፈጸመም። የህክምና ወጪያችን አንድ ትልቅ ክፍል ከታማሚው ኪስ ነው የሚወጣው፣ ሌላው ትልቅ ክፍል ከለጋሽ። ሌላ ሀገር ምርጫ በተደረገ ቁጥር የጀሞ ሴት መድኃኒቴን አገኝ ይሆን ብላ መጨነቅ የለባትም፣ ይሄን ደሞ በጀት ሲጸድቅ ፓርላማ ላይ የሚቀመጡት ሰዎች ሊጠየቁበት ይገባል፣ የምርምሩም እንዲሁ፣ ቅድም ያወራነው የቲቢ ጥናት ገንዘቡ ከውጭ ነው የመጣው፣ እነሱ ሲዘጉት የኛም ጥያቄ አብሮ ይዘጋል።

አንቺ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ ሁለት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ሰውነትሽ ደህና ከሆነና የቫይረስ መጠንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ የብዙ ወር መድኃኒት በአንዴ ሊሰጡሽ ይችላሉ ወይ፣ እስከ 6 ወር የሚሰጥበት አሰራር አለ፣ ከጀሞ ድረስ ለምትመላለሺው ታክሲም ያተርፍልሻል። ሁለተኛ፣ የመጨረሻው የቫይረስ መጠን ምርመራሽ መቼ እንደነበር ካርድሽ ላይ እንዲያዩልሽ ጠይቂ፣ ዓመት ካለፈው ይሰራልሽ። የእናቶች ቡድኑ ደሞ በልጅቷ መውጣት አይበተን፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ክኒን እየዘለለች ያለችውን ጓደኛሽን ዛሬውኑ ደውለሽ ንገሪያት።